ባሕር የተሻገረ ሻጋታ

ጥር ነው ቬርቼሊ፤ ማሳውን የሚያርሰው
ጉም ብቻ ነው ዛሬ፣ በሬ የለም፣ ሰው።
የሩዙ እርሻ ደርቆ፣ ቦዩ በረዶ አዝሎ፣
አሮጌው ወፍጮ ቤት፣ በእንፋሎት ተጠቅልሎ፣
ከደጁ በላይ ግን፣ የጥድ ቅጠል ታስሮ፣
ክብ ሆኖ ተከርክሞ፣ እንደ ኳስ አምሮ፣
ተሰቅሏል ለምልክት፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ
ጋኑ በስሏል ማለት ነው፤ ሌላ አዋጅ ምን ሊያደርግ።

ኩራሺጌ ቶኩዞ፣ ይህ ነው ሙሉ ስሙ፤
ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጣቱ ነው ቀለሙ።
አባቱም ጠማቂ፣ አያቱም ጠማቂ፤
እሱ ግን አመለኛ፣ ሳቂ፣ ጠያቂ።
ኦርኔላ ባለቤት ናት፣ ወፍጮው የአባቷ፤
ጃፓንን ያየችው፣ አንዴ በዕረፍቷ።
«ባህሉ አይነካም! ሩዙ በመርከብ ይምጣ፤
በርሜሉ ከዝግባ፣ ብረት ከቤቴ ይውጣ፤
አንተም ለፎቶው ቀን፣ ያን ካባህን ልበስ።»
ሽማግሌው ሳቀ፣ እስኪያስነጥሰው ድረስ።
«ሳኬ» እያለች ነበር፤ እኔ «ሳቄ» ሰማሁ፤
ያን ዕለት ነው የዚህን ቤት፣ ቋንቋ የለመድሁ።

«አያቴ» አለ ቆይቶ፣ «የብረት ጋን ሲያስገባ
መንደሩ አወገዘው፤ ባልቴት ሁሉ አነባ።
ዛሬ ያንኑ ጋን ነው፣ ‹የጥንቱ› የሚሉት፤
ጥንት ማለት እኮ ነው፣ ጠቡን የረሱት።»
ከዚያ ወጥቶ ሄደ፣ ጎረቤት ጎተራ፤
ሆዳሙን የአገሩን ሩዝ፣ ዘግኖ እየጠራ
«ና አንተ፣ ና» ብሎ፣ እንደ ልጅ አባበለው፤
ለሪዞቶ ነው እንጂ፣ ለጋን ማንስ ያለው።

እኔ የሌሊት ነኝ።
በሙቁ ክፍል ውስጥ ሸሚዜን አውልቄ
በበሰለው ሩዝ ላይ አረንጓዴ ትቢያ እነሰንሳለሁ፣
ስድስት ባሕር አቋርጦ በብልቃጥ የመጣ።
ሻጋታ ነው ይህ፣ ባሕር የተሻገረ፤
ሲሻገር ያልሻገተ፣ ማንስ ነው የኖረ?

በአርባኛው ሰዓት ሽታው ይለወጣል።
ኦርኔላ «የደረት ነት ጥብስ» ትላለች፤
እኔ የገብስ ቆሎ ነው እላለሁ፣ ከእሳት አሁን የወረደ፤
እሱ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ ቃል አያወጣም።
ሦስት አፍንጫ። ማንም ማንንም አላረመ።

እርሾው ሲነቃ በመቅዘፊያ ይማሰላል።
እስከ መቼ? ሰዓት አያይም፤ ይዘፍናል።
ዘፈኑ ሲያልቅ ማማሰሉም ያልቃል።
አንድ ሌሊት ግን፣ የካቲት አጋማሽ፣ መሐል ላይ ቆመ።
ቃሉ ጠፋው።
መቅዘፊያው በእጁ፣ አፉ ክፍት፣ አረፋው ብቻ ይናገራል።
ኦርኔላ ስልኳን አወጣች፣ ዘፈኑን ልትፈልግለት፤
በእጁ ከለከላትና ወደ እኔ ዞረ፦
«አንተስ የምትቆጥርበት የለህም?»

ምን ነበረኝ?
ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ፤
በየፊደሉ አንድ ግፊት።
መ ላይ ተቀበለኝ፤ «ሙ»ን እንደ ላም አስረዘማት።
ቀ አቃተው።
ጰ ላይ ሦስታችንም ምራቅ ረጨን።
ፐ ስንደርስ አረፋው ጋብ አለ፤
ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ግፊት፤ ለካ ልኩ ይኸው ነው።

ኋላ ነገርኩት፦ በእኛ ቋንቋ ጠማቂና አጥማቂ
በአንዲት «አ» ነው የሚለያዩ።
«እንግዲያው» አለ «ስም ማውጣት አለብን።»

መጋቢት ላይ ተጨመቀ።
ቀመሰ፤ አፉን ተጉመጠመጠ፤ ደግሞ ቀመሰ።
«አላውቀውም» አለ፣
እንግዳ እንደገባበት ሰው ከወንበሩም ተነሣ።
ካባ ያለችው ኦርኔላ፣ ጠርሙሱ ላይ በብሩሽ «ሀሁ» ጻፈች፣
የ«ሁ»ን ቅጥያ በተቃራኒው አዙራ። አላረምኳትም።

ነሐሴ ላይ ጥዱ፣ ቡናማ ሆኖ ደረቀ፤
ጋኑ በስሏል ማለት ነው፤ አገሩ ግን አላወቀ።
ስለዚህ አንድ ጣሳ፣ በእንጨት ላይ ደፍቼ
ከኳሱ ጎን ሰካሁት፣ በመሰላል ወጥቼ።
«ይኼስ የማን ባህል ነው?» አለች ከታች ቆማ።
«የጠላ ቤት ደጃፍ» አልኩ፤ ጉዳዩን እንደ ተራ ነገር።
ኩራሺጌ ቀና ብሎ፣ ጥቂት አየው፤
«ውረድ፣ መሰላሉን ያዝ» አለኝ፤
ጣሳው ዘምሞ ነበር፣ አቃናው።